በብልጫ የተቆረጠ የደሞዝ ግብርና ሁለቴ የተከፈለ የመንግሥት ክፍያ፦ ማስተካከልና ማስመለስ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሐረጎን ስናጋምስ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት መካኒክ አራት ቦታ የታጠፈ የደሞዝ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ «ጋሼ፣ የሒሳብ ሰው ነዎት ሲሉ ሰማሁ፤ እስቲ ይችን ይዩልኝ» አለኝ። የሚሠራው በአንድ የፌዴራል መንግሥት የልማት ድርጅት ቅርንጫፍ ውስጥ ሲሆን ወረቀቱ የመስከረም 2018 ነበር። መነሻ ደሞዝ 9,000 ብር፣ የሥራ ግብር 1,745 ብር፣ ጡረታ 630 ብር፣ የተጣራ 6,625 ብር ይላል። ጡረታው ልክ ነው። ግብሩ ግን የተሰላው ከሐምሌ 2017 በፊት በነበረው ሠንጠረዥ ነው፤ በአዲሱ ቢሰላ 1,400 ብር ብቻ ነበር የሚቆረጥበት። ልዩነቱ በወር 345 ብር፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ሦስት ወራት ደግሞ 1,035 ብር ይሆናል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ በአንድ ወር ሲታይ ለጠብ የሚያበቃ አይመስልም፣ ዓመት ሲሞላ ግን የግማሽ ወር ደሞዝ ያህል ይዞ ይሄዳል።

«ታዲያ ገቢዎች ሄጄ ላመልክት?» ሲል ጠየቀኝ። ለዓመታት ፔሮል (የደሞዝ መክፈያ ዝርዝር) ስሠራ እንደታዘብኩት ግን፣ ብዙ ሰው ጊዜውንና ጫማውን የሚጨርሰው ከዚሁ ጥያቄ በመጀመሩ ነው። በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ገንዘቡ በአሁኑ ሰዓት በማን እጅ እንዳለ ነው። በቀጣሪው እጅ ያለ ገንዘብ በሚቀጥለው ደሞዝ ላይ ተደምሮ ሊመለስ ይችላል፤ ወደ መንግሥት ካዝና የገባው ግን የሚወጣው በማመልከቻ፣ በማስረጃና በትዕግሥት ነው። ለአገልግሎት ክፍያም፣ ለቤት ግብርም፣ ለሌላውም የመንግሥት ክፍያ ነገሩ ያው ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን መንገዶች በተራ ያሳያል።

የተቆረጠብዎትን በራስዎ እጅ ማስላት

አሁን የሚሠራበት ሠንጠረዥ የፌዴራሉን የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 የወጣ ነው። ማሻሻያው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው ሐምሌ 10 ቀን 2017 ሲሆን፣ የሚጸናው ግን ከሐምሌ 1 ጀምሮ ነው፤ በመሆኑም የሐምሌን ፔሮል አስቀድሞ ያዘጋጀ ወይም በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ቀመር ሳይቀይር የቆየ ሒሳብ ክፍል በቀላሉ ሊሳሳት ይችላል። በዚህ ሠንጠረዥ መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር የሚያገኝ ሰው የሥራ ግብር አይከፍልም። ከ2,001 እስከ 4,000 ብር ያለው 15 በመቶ፣ ከ4,001 እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ ከ7,001 እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ ከ10,001 እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። የሒሳብ ሰዎች የሚጠቀሙበት አቋራጭ፣ ግብር የሚከፈልበትን ጠቅላላ የወር ገቢ ባረፈበት እርከን መጣኔ አባዝቶ የእርከኑን ተቀናሽ መቀነስ ነው፤ ተቀናሾቹም ከ15 በመቶው ጀምሮ በቅደም ተከተል 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ብር ናቸው። የመካኒኩ 9,000 ብር በ25 በመቶ ሲባዛ 2,250 ይመጣል፣ ከዚያ ላይ 850 ሲቀነስ 1,400 ይሆናል። በድሮው ሠንጠረዥ 9,000 ብር 30 በመቶው እርከን ላይ ያርፍና 955 ብር ይቀነስለት ስለነበር 1,745 ብር ይሆናል፤ ወረቀቱ ላይ የታየውም ይኸው ቁጥር ስለሆነ የስህተቱ ምንጭ ወዲያውኑ ታወቀ። ሌሎችም ይህን ቢያደርጉ ይጠቅማቸዋል፦ የተቆረጠባቸውን ቁጥር በአሮጌውም በአዲሱም ሠንጠረዥ አስልተው ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ይመልከቱ። ከሁለቱም ጋር ካልገጠመ ችግሩ ሠንጠረዡ ላይ ሳይሆን ግብር በተሰላበት የገቢ መጠን ላይ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የክልል ሠራተኞች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን የሥራ ግብር የሚጥለው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ አንቀጽ 97 ደግሞ የክልል መንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞችን ለክልሉ ይሰጣል። ስለሆነም በደሴ ከተማ አስተዳደር ሥር የሚያስተምር መምህር የፌዴራሉን አዋጅ ቁጥር ይዞ ከመከራከሩ በፊት፣ ክልሉ ያወጣውን ሕግና ሥራ ላይ የዋለበትን ቀን ከፋይናንስ ክፍሉ ጠይቆ በዚያ ማስላት አለበት። በተሳሳተ አዋጅ የተጻፈ ትክክለኛ ጥያቄ ለመመለስ በጣም ያመቻል፤ ይህን ደግሞ ዴስክ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ያውቀዋል።

አሜሪካ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው፣ በእኛ ከተማ እንዲህ ያለው ብዙ ነውና፣ «ቅጽ ሞልተህ የሚቆረጥብህን ግብር አስቀንስ» የሚል ምክር በስልክ ሳይደርሰው አይቀርም። እዚያ አገር ሠራተኛው ደብልዩ ፎር በሚባል ቅጽ የጋብቻ ሁኔታውንና የሚያስተዳድራቸውን ልጆች እየገለጸ ከየደሞዙ የሚቆረጠውን ያስተካክላል፤ ከልክ በላይ ከተቆረጠበትም በዓመቱ መጨረሻ በሚያቀርበው የግብር ማስታወቂያ ይመለስለታል። ምክሩ እዚያ ይሠራል፣ እዚህ ግን አይሠራም። በእኛ ሕግ ባለትዳር መሆን ወይም አምስት ልጅ ማሳደግ የደሞዝ ግብርን በአንድ ብር እንኳ አይቀንስም፤ ከአንድ ቀጣሪ ደሞዝ ብቻ የሚያገኝ ሰውም ዓመታዊ ማስታወቂያ ስለማያቀርብ የወሩ ግብር በወሩ ያልቃል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ቅነሳን ማስተካከል ማለት ትክክለኛው ሠንጠረዥ በትክክለኛው የገቢ መጠን ላይ እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ ከዓመት መጨረሻ ተጠብቆ የሚታረም ነገር ስለሌለም ወረቀቱን በየወሩ ማንበብ የሠራተኛው የራሱ ሥራ ነው።

ስህተት የሚበዛው የት ነው?

ብዙ ጊዜ ያየሁት ስህተት ውዝፍ ደሞዝ በአንድ ወር ተጠቅልሎ ሲከፈል የሚፈጠረው ነው፤ ስለዚህ እርሱን በቁጥር ላሳይ። አንዲት ሠራተኛ ደሞዟ ከ6,500 ወደ 8,000 ብር አደገ እንበል። ጭማሪው ሦስት ወር ዘግይቶ ተፈቀደና የሦስቱ ወር ውዝፍ 4,500 ብር ከአራተኛው ወር ደሞዝ ጋር አንድ ላይ ተከፈላት። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው 8,000 እና 4,500ን ደምሮ 12,500 ብር ላይ ግብር ያሰላል፤ ገቢዋ ወደ 30 በመቶው እርከን ይዘልና 3,750 ሲቀነስ 1,350፣ ማለትም 2,400 ብር ይቆረጥባታል። ጠንቃቃ የፔሮል ሠራተኛ ግን ውዝፉን ወደየወሩ ይመልሰዋል። የ8,000 ብር ግብር 1,150 ነው፣ የ6,500 ብር ደግሞ 800 ነው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ያለፈ ወር የሚጨመረው 350 ብር፣ ለሦስቱ 1,050 ብር ይሆናል። ይህ ከያዝነው ወር 1,150 ጋር ሲደመር 2,200 ብር ነው። ልጅቷ 200 ብር በብልጫ ተቆርጦባታል ማለት ነው፤ የተቆረጠባትም ገቢዋ ስለበለጠ ሳይሆን ቀጣሪዋ በጊዜው ስላልከፈላት ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ የየወሩን ስሌት ለብቻ በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጦ ማያያዝ ያስፈልጋል፤ በቃል ሲነገር የሚገባው ሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ጡረታ ነው። የሠራተኛው መዋጮ 7 በመቶ፣ የቀጣሪው 11 በመቶ ሲሆን ሁለቱም የሚሰሉት ከመነሻ ደሞዝ ላይ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ግብር ይከፈልበታል፣ ጡረታ ግን አይቆረጥበትም። 8,000 ብር ደሞዝና 1,200 ብር ኦቨርታይም ያለው ሰው በወረቀቱ ላይ ጡረታ 644 ብር ተብሎ ካየ፣ ትክክለኛው 560 ብር ስለሆነ 84 ብር በብልጫ ሄዶበታል። ነገር ግን ይህ ገንዘብ የሚሄደው ወደ ግብር ሰብሳቢው ሳይሆን ወደ ጡረታ ፈንዱ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች የመንግሥት ሠራተኞች፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ዘንድ ይገባል። በአንድ ደብዳቤ ሁለቱንም መጠየቅ ጉዳዩን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እያንከባለለ ያዘገያል፤ ሁለት ደብዳቤ ይጻፍ።

ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ሠራተኞች ደግሞ የወጪ መጋራታቸውን፣ ማለትም ለትምህርታቸው ከወጣው የሚመልሱትን ዕዳ፣ ይከታተሉ። ቀጣሪው ከየወሩ ገቢ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ያስተላልፋል፤ ዕዳው ማለቁን ግን ብዙ ጊዜ ሰው ካልነገረው ፔሮሉ አያውቅም። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሁለት ሦስት መሥሪያ ቤት የቀያየረ ሰው የመጀመሪያው ቀጣሪ የከፈለው ሳይቆጠርለት እንደ አዲስ ሲቆረጥበት ሊኖር ይችላል። መፍትሔው ዩኒቨርሲቲው የሰጠውን የዕዳ መጠን የያዘ ውል ማውጣት፣ ከእያንዳንዱ ቀጣሪ ስንት እንደተቆረጠና ለማን ገቢ እንደተደረገ የሚገልጽ ደብዳቤ መያዝ፣ ድምሩ ዕዳውን ሲሞላም ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ማስረጃ) ጠይቆ ቅጂውን ለፋይናንስ ማስገባት ነው።

የመጓጓዣ አበልና የውሎ አበልም አሉ። እነዚህ በመመሪያ እስከተወሰነ መጠን ድረስ ከግብር ነፃ ናቸው፤ በወረቀቱ ላይ ከደሞዝ ጋር ተደምረው በአንድ መስመር ከተጻፉ ግን ግብር ተቆርጦባቸው መሆን አለመሆኑ አይታይም፤ ስለዚህ ተለይተው እንዲጻፉ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለት ቦታ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ችግሩ ተቃራኒው ነው። እያንዳንዱ ቀጣሪ የመጀመሪያዎቹን 2,000 ብር ነፃ አድርጎ ከዝቅተኛው እርከን ስለሚጀምርለት በየወሩ ትንሽ ይቆረጥለታል፤ ሁለቱ ገቢዎች ተደምረው የታዩ ዕለት ግን ዕዳ ይመጣል። ለሁለቱም ቀጣሪዎች የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ሰጥቶ በጽሑፍ ማሳወቅ ኋላ ከሚመጣ ቅጣት ያድናል።

ገንዘቡ በማን እጅ ነው?

ቀጣሪው ከሠራተኛው የቆረጠውን ግብር ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ አስታውቆ ገቢ ማድረግ አለበት። የመስከረም ግብር ማለቂያው ጥቅምት 30 ነው ማለት ነው። ይህች የጊዜ ክፍተት ለሠራተኛው ወርቅ ናት። ዲክላሬሽኑ (ቀጣሪው በየወሩ የሚያስገባው የግብር ማስታወቂያ) ሳይገባ ስህተቱ ከተገኘ፣ ፋይናንስ ክፍሉ ፔሮሉን አርሞ ትክክለኛውን ያስታውቃል፣ ልዩነቱንም ለሠራተኛው ይከፍላል፤ ማንም ቢሮ ማመልከቻ ይዞ መሄድ አያስፈልግም። ስለዚህ የደሞዝ ወረቀት በተቀበሉ ዕለት፣ ቢበዛ በሳምንቱ፣ ማስላት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ዲክላሬሽኑ ከገባ በኋላ ግን ቀጣሪው «ገንዘቡ እኛ ዘንድ የለም» ቢል እውነቱን ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ለየብቻ ይጠየቃል። አንደኛው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ስሌቱ እንዲታረም ነው፤ ይህ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም፣ ያለፈው እስኪመለስም መዘግየት የለበትም። አንዳንድ ሒሳብ ክፍል «ሁሉንም አንድ ላይ እናስተካክላለን» ብሎ ስህተቱን ለተጨማሪ ወራት ያስቀጥላል፤ እሽ ብሎ መቀበል አይገባም። ሁለተኛው ያለፈውን ማስመለስ ነው። በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በብልጫ የተከፈለ ታክስ እንዲመለስ ማመልከቻ የሚቀርበው ገንዘቡ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። ባለሥልጣኑ፣ ማለትም ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ ጥያቄውን ከተቀበለ በመጀመሪያ ግብር ከፋዩ ያለበት ሌላ ዕዳ ካለ ያቻችላል፣ የቀረውን ይመልሳል፤ ውሳኔውንም በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት።

ማን ያመልክት በሚለው ላይ የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ቀጣሪው ያመልክት። የገቢዎች መሥሪያ ቤት የሚያውቀው ቀጣሪው ያስገባውን ዲክላሬሽን እንጂ በውስጡ ያለውን የእያንዳንዱን ሠራተኛ ታሪክ አይደለም፤ ያ ዲክላሬሽን ካልታረመ ደግሞ የግለሰቡ ጥያቄ የሚያርፍበት መሠረት የለውም። በሠንጠረዥ ስህተት የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ ስለማይሆን፣ አርባ ሠራተኛ በአርባ ማመልከቻ ከሚንከራተት ድርጅቱ የሁሉንም ስም፣ መለያ ቁጥር፣ የተቆረጠውንና ሊቆረጥ ይገባ የነበረውን በአንድ ሠንጠረዥ አድርጎ በአንድ ሸኚ ደብዳቤ ቢያቀርብ ይሻላል። የፌዴራል ተቋም ከሆነ ጉዳዩ የገቢዎች ሚኒስቴርን፣ የክልል ወይም የግል ከሆነ የክልሉን ገቢዎች ቢሮ መዋቅር ይመለከታል፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ግን ከመገመት ይልቅ ያለፈው ወር ግብር የተከፈለበትን ደረሰኝ አናት ማንበብ ይቀላል።

የደብዳቤው አጻጻፍ

ለመካኒኩ በማግስቱ የጻፍኩለት ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ጉዳዩ፦ በብልጫ የተቆረጠ የሥራ ግብር እንዲታረምልኝና እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው መጣኔ መሠረት ከመነሻ ደሞዜ ብር 9,000 ላይ ሊቆረጥ የሚገባው ብር 1,400 ሆኖ ሳለ፣ የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም ደሞዜ ሲከፈል በየወሩ ብር 1,745 ተቆርጦብኛል። ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ ስሌቱ እንዲታረም፣ በብልጫ ከተቆረጠው ብር 1,035 ውስጥ ገና ገቢ ያልተደረገው በቀጥታ እንዲመለስልኝ፣ ገቢ ለተደረገው ደግሞ ዲክላሬሽኑ ታርሞ የተመላሽ ጥያቄ እንዲቀርብልኝና ግብሩ የተከፈለበት ደረሰኝ ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። የሦስቱ ወራት የደሞዝ ወረቀት ቅጂ ተያይዟል።»

ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አስተዳደር በደል አንድም ቃል አልጨመርኩም፤ ልጁ ግን ቅር ብሎት ነበር። አቤቱታ ሲረዝም ዋናው ቁጥር ይደበቃል። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ሲሆን፣ በእጅ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ማሳረፍ ግድ ነው። «ይደርሰዋል፣ አስቀምጠው» ተብሎ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የተላከም ቢሆን የወረቀቱን ቅጂ ማስገባት አይቅር።

ሁለቴ የተከፈለ የአገልግሎት ክፍያና የቤት ግብር

ይህኛው በእኔም ላይ ደርሷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤትና የቦታ ግብር በስልክ ስከፍል ኔትወርኩ መሀል ላይ ተቋረጠ፤ መልእክትም አልመጣም። ቅጣት እንዳይመጣ ፈርቼ በማግስቱ በአካል ሄጄ በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩ፣ ደረሰኝም ተቀበልኩ። ከሰዓት በኋላ የፊተኛው ክፍያ መፈጸሙን የሚገልጽ መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስመለስ የስልኩ ክፍያ በእኔ ፋይል ላይ የለም ተባልኩ። ሦስት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ አንዲት መዝጋቢ የግብይት ቁጥሩን አንድ በአንድ እያነበበች ስትፈልግ፣ የቤት ቁጥሬ ሁለት አኃዝ ተገለባብጦ በሌላ ሰው ፋይል ላይ ተመዝግቦ አገኘችው። ያገለባበጥኩት እኔው ራሴ ነበርኩ። ጎረቤቴ ሳይከፍል ከፍሏል ተብሎ ነበር ማለት ነው፤ ዕድለኛ ሰው ነው፣ ለሁለት ወር።

ከዚህ የተማርኩትን በአጭሩ ልጻፍ። ክፍያ መሀል ላይ ሲቋረጥ ወዲያው ደግሞ መክፈል አይገባም፤ በቴሌብርም ይሁን በባንክ መተግበሪያ የግብይት ታሪኩንና ቀሪ ሒሳቡን ማየት ይቀድማል። ገንዘቡ ከሒሳብዎ ወጥቶ ተቀባዩ ዘንድ ካልደረሰ በባንኩ ወይም በቴሌኮሙ እጅ ስለሆነ አቤቱታው ለእነርሱ ነው፤ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ውስጥ ከገባ ደግሞ ባንኩ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ አይመልሰውምና መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ነው። ሊይዙ የሚገባው የግብይት ቁጥሩን፣ ከባንክ የታተመና ማህተም ያለበት የሒሳብ መግለጫ፣ የሁለተኛውን ክፍያ የመንግሥት ገቢ ደረሰኝ ዋናውንና ቅጂውን ነው። ዋናውን ደረሰኝ አሳይቶ መመለስ እንጂ አስረክቦ መሄድ ትልቅ ስህተት ነው።

የአገልግሎት ክፍያ ግብር ስላልሆነ በታክስ አስተዳደር አዋጁ ሥርዓት ላይመራ ይችላል። ያም ሆኖ መሠረቱ አለ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2164 የማይገባውን የከፈለ ሰው የከፈለውን የማስመለስ መብት ይሰጠዋል። ዕዳ እንደሌለበት እያወቀ በፈቃዱ የከፈለ ሰው ግን በዚህ መከራከር ይከብደዋል፤ ስለዚህ በማመልከቻው ላይ «የመጀመሪያው ክፍያ ያልተፈጸመ መስሎኝ» የሚለው ምክንያት በግልጽ መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም።

መሥሪያ ቤቱ ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው አማራጭ ገንዘቡን ለሚቀጥለው ዓመት ክፍያ ማቻቻል ነው። ብዙ ሰው በጥሬው ካልሆነ ብሎ ይከራከራል፤ እኔ ግን በየዓመቱ ለሚመጣ ክፍያ ከሆነ መቀበሉን እመርጣለሁ፤ ወደ ካዝና የገባን ገንዘብ ለማስወጣት የፋይናንስ መሥሪያ ቤት ትእዛዝና የበጀት ሒሳብ ሰዎች ፊርማ ስለሚያስፈልግ ከገንዘቡ የበለጠ የታክሲ ወጪ ሊያስከትል ይችላል። ማቻቻሉ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ የገንዘቡ መጠን፣ የሚቻቻልበት ዓመትና የቤቱ ቁጥር የሰፈረበት ማህተም ያለበት ደብዳቤ ካልያዙ በሚቀጥለው ዓመት የሚያገኙት ሌላ ሠራተኛ ነው። የአንድ ጊዜ ክፍያ ከሆነ፣ ለምሳሌ ንግድ ፈቃዱን የመለሰ ሰው ሁለቴ የከፈለው የእድሳት ክፍያ፣ የሚቻቻልበት ስለሌለ ተመላሽ ብቻ ይጠየቃል።

ጊዜው እንዳያልፍ

ሦስት ዓመት ረጅም ይመስላል፣ ነገር ግን ከእርሱ በፊት የሚያልፉ ቀናት አሉ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚተዳደር ሠራተኛ በቀጣሪው ላይ የሚያቀርበው የደሞዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ (የመጠየቂያ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል፤ ቀጣሪው ቆርጦ ለማንም ሳያስተላልፍ ያስቀረው ገንዘብ ካለ በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ መጠየቅ ይኖርበታል። በገቢዎች በኩል ደግሞ ጥያቄው ውድቅ የተደረገበት ሰው ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን ለራሱ ለባለሥልጣኑ ያቀርባል፤ በቅሬታው ላይ በተሰጠው ውሳኔ ካልተስማማ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ግብር ይግባኝ ይሄዳል። እነዚህ በፌዴራሉ አዋጅ ያሉ ቀኖች ናቸው፤ በክልሉ መዋቅር የሚስተናገድ ሰው ውሳኔው በእጁ በገባ ዕለት የቅሬታ ቀኑን እዚያው ጠይቆ በውሳኔው ጀርባ ላይ ይጻፈው። ውሳኔን በቃል ተቀብሎ መሄድ ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር ያጠፋዋል፤ «በጽሑፍ ይሰጠኝ» ማለት ድፍረት አይደለም።

በተገላቢጦሽ፣ ቀጣሪው ባለፉት ወራት ያነሰ ቆርጦ ኖሮ አሁን ልቆርጥ ቢል፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአንድ ጊዜ ከደሞዝ ላይ የሚቆረጠው ጠቅላላ መጠን ከወር ደሞዙ ሲሶ መብለጥ አይችልም። ይህን ማወቅ የወሩን የቤት ወጪ ያተርፋል።

የመካኒኩ ደብዳቤ መዝገብ ቤት የገባው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነበር። የመስከረም ዲክላሬሽን ገና ስላልገባ የዚያ ወር 345 ብር ከጥቅምት ደሞዙ ጋር ተመለሰለት፤ ወረቀቱ ላይ የተጣራው 6,970 መሆን ሲገባው 7,315 ብር የሆነውም ለዚህ ነው። የሐምሌና የነሐሴ 690 ብር ግን ገቢ ሆኗል። ድርጅቱ የሠራተኞቹን ዝርዝር ይዞ ማመልከቻ አስገብቷል፤ ልጁም የማመልከቻውን ቁጥርና ቀን በዚያው አራት ቦታ በታጠፈው የደሞዝ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፎ ይዞታል።